ዕቃ የወጣ ዕለት

በሰባት ዓመቴ ስለ ትዳር የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኢሱዙ እንደሚያልቅ።

ይህን ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ጫልቱ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ቁም ሣጥኗ፣ አልጋዋ፣ ባልዲዋ፣ የፕላስቲክ አበባዋ ሳይቀር ደጅ ወጥቶ ተደረደረ። ባሏ በአንድ በኩል ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል፤ እሷ በሌላ በኩል ብርድ ልብስ ታጥፋለች። የሠፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ በአንድ ዓይኑ ያዝናል፣ በሌላው ዕቃዋን ያያል። “አይ ጫልቱ፣ ይቺን ፍራሽ ይዛ ነው ያን ሁሉ ስትኮራ የኖረችው?” ያለችም ነበረች። ከዚያ ኢሱዙ መጣ። ዕቃው ተጫነ፤ ጫልቱም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳትል ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ወንበር ተገልብጦ ሳይ ቆም እል ነበር። ወንበሩ ለጽዳት ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ኢሱዙው በየት በኩል እንደሚመጣ ነበር የማየው።

የምንኖረው ከቡሹሎ መንገድ ወዲህ ነበር፤ ከሐይቁ ሲነፍስ የዓሣው ሽታ ሳያንኳኳ ቤት የሚገባበት ሠፈር። አባቴ ሕዝቅያስ ሶፋ ሠሪ ነው። መናኸሪያ አካባቢ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ ነበረችው። በሠፈራችን ሲዳር የሕዝቅያስ ሶፋ ላይ ሳይቀመጥ የቀረ ሙሽራ አልነበረም። ከሁሉም የሚበልጠው ሶፋ ግን እኛ ቤት ያለው ነበር። ይህን የማውቀው እንድቀመጥበት ስለማይፈቀድልኝ ነው።

ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ቀይ ከፋይ ለብሷል። ከከፋዩ በላይ ደግሞ እናቴ ትዕግሥት ጽጌረዳ የጠለፈችበት ነጭ ስስ ልብስ እስከ ወለሉ ወርዶ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለጸሎት ሲመጡ፣ ያን ሶፋ በዓይናቸው ዞረውት፣ ቀስ ብለው፣ በጥንቃቄ ይቀመጡበታል። እኔ በአክብሮት ነው እል ነበር።

አሁን ሳስበው በአክብሮት አልነበረም። ይቆረቁራል።

ከቀዩ ከፋይ ሥር ያለው የቢራ ሳጥን ነበር። ተጋብተው ቤት ሲይዙ አባቴ ለአንድ ቡና ቤት ወንበር ጠግኖ ኖሮ፣ ከጓሮ የተጣሉ ስንጥቅጥቅ ሳጥኖች አገኘ። አምጥቶ ደረደራቸው፤ ስፖንጅ አነጠፈባቸው፤ እስኪያልፍልን ነው አለ። ማለፉ ዘገየ። አንድ ጥሩ ሶፋ ለቤት ሊሠራ በተነሣ ቁጥር ሙሽራ ይመጣበታል። እኛ ደግሞ ጠላ እንኳ የማይቀመስበት የጴንጤ ቤት ነን። ስለዚህ እናቴ የምትደብቀው ሁለት ነገር ነበር፤ የሶፋ ሠሪ ሚስት ሶፋ እንደሌላት፣ የጌታ ልጅ ደግሞ በቢራ ሳጥን ላይ እየተቀመጠች እንደምትጸልይ።

ነጩ ስስ ልብስስ? እሱ ከቀበሌ የታደለን አጎበር ነበር። ለወባ ትንኝ መከላከያ፣ በመድኃኒት የተነከረ። እናቴ ገና ስታየው እንዲህ ያለ ጨርቅ አልጋ ላይ ተሰቅሎ ማንም ሳያየው እንዲቀር አልፈቀደችም። በሠፈራችን ከወባ ትንኝ በደንብ የተጠበቀ ነገር ቢኖር የእንግዶቻችን መቀመጫ ነበር።

ነገሩ የተነሣው በሚሌኒየሙ መስከረም ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ በየጉድጓዱ የቆረ ውኃ ላይ ቢምቢ እንደ ገበያ የሚቆምበት ጊዜ። ታናሽ ወንድሜ ሚኪያስ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ቆሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችበት፤ ብርድ ልብሱም አብሮት ተንቀጠቀጠ።

“እሸት ነው” አለች። “ያን ሁሉ በቆሎ ስትግጡ ተው ብያለሁ። እሸት ወባ ያመጣል።”

እኔ ከእሱ ይልቅ ብዙ በልቼ ነበር። ቁጭ ብዬ ብርዱን ጠበቅኩ። ሳይመጣ ሲቀር ትንሽ ቅር አለኝ።

በዚያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ ዘነበች በየቤቱ እየዞረች ሐሙስ የወባ ርጭት እንዳለ ተናግራለች። ግድግዳው እንዲረጭ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ደጅ መውጣት አለበት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህን እያንዳንዱ ሰው ሰምቷል። ከእኔ በቀር። እኔ ዓሣ ገበያ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ መላጣ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየሁ ነበር። ስመለስ መብራት በርቷል፤ እናትና አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጣላሉ። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚደረግ ጠብ ልጅን ከጩኸት ይልቅ ያስደነግጣል።

“ሐሙስ ዕቃው ይወጣል። በቃ” አለ አባቴ።

“እኔ በቁሜ አይወጣም።”

“ልጁን አታይም እንዴ?”

“አያለሁ። ሰውንም አያለሁ። ጫልቱ ላይ እንዴት እንደተሳለቁባት ረሳኸው? በእኛማ መዝሙር ያወጡብናል።”

“ያውጡ!”

“ለአንተ ቀላል ነው። አንተ ሱቅ ትውላለህ። እኔ ነኝ እዚህ ቀና ብዬ መሄድ የሚያቅተኝ።”

ከዚያ አባቴ፣ “ለማንኛውም ነገ ሚኪን እኔ እይዘዋለሁ። ሐዳሳ አንቺ ጋ ትሁን” አለ።

ሐዳሳ እኔ ነኝ።

አባቴ ያለው ሚኪያስን ለደም ምርመራ ጤና ጣቢያ ይዞት ሊሄድ ስለነበር ነው። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው። ያን ማታ ግን ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር፤ ሐሙስ ዕቃ ይወጣል፣ ኢሱዙ ይመጣል፣ ሚኪ ለአባዬ ደርሷል፣ እኔ ለእማዬ። አልጋው ለማን እንደደረሰ ብቻ አልሰማሁም። አጠገቤ የሚያቃጥለውን ወንድሜን አቅፌ ተኛሁ። ነገ የአባዬ ስለሚሆን።

ጠዋት አባቴ ሚኪያስን በጋቢ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። እናቴ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። ሲወጡ ከበሩ ጀርባ አንዲት ቡናማ ሻንጣ አየሁ፤ ያበጠች፣ በገመድ የታሰረች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው፣ ጤና ጣቢያው ካስተኛው ተብሎ የተሰናዳ የሚኪ ልብስ መሆን አለበት። ያኔ ግን ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። እናቴ ፊቷን ስታዞር በሩን አልፌ ሮጥኩ።

ልጅ ብሆንም አገሬን አውቃለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ፖሊስ አይጠራም፤ ሽማግሌ ነው የሚጠራው።

ጋሽ ገብረየስ ከመንገዱ ማዶ ነበሩ። ከሰሜን በወጣትነታቸው በመምህርነት መጥተው፣ ጡረታ ወጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ከነከዘራቸው ቀጥ ያሉ ሰው። በሠፈሩ ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ነበሩ። እኛ አይተነው አናውቅም፤ መስኮት ሥር የጥልፍ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ግን ማታ የታየውን ዜና ለሠፈሩ ይተርካሉ። ባለፈው እሑድ በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ወባ የተናገሩትም እሳቸው ናቸው። “ወባ በእሸት አይመጣም! በሸንኮራ አይመጣም! በቢምቢ ነው!” እያሉ በየቃሉ ከዘራቸውን መሬት ሲመቱ ነበርኩ። ከንግግሩ ያስታወስኩት ከዘራውን ነው።

ስደርስ በረንዳቸው ላይ ከዕድሩ ዳኛ ከአቶ አየለ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ።

“ጋሼ፣ እናቴና አባቴ ሊፋቱ ነው።”

ጋሽ ገብረየስ ቆርኪውን ይዘው ቀሩ። “ማን አለሽ?”

“ሐሙስ ዕቃ ይወጣል። ሚኪን አባዬ ወስዶታል። እኔ የእማዬ ነኝ። ሻንጣም ታስሯል።”

ሁለቱ ተያዩ።

“ሐሙስ?” አሉ ጋሽ ገብረየስ። “ሐሙስ እኮ ርጭት ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን የሚያወጣበት ቀን ነው።”

አቶ አየለ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ ስለኖሩ ነገር ከነሥሩ ማየት ይወዳሉ። “ዋናው ብልጠት እሱ ላይ ነው” አሉ። “ሰው ሁሉ ዕቃ በሚያወጣበት ቀን መለያየት። ሌላው መልሶ ያስገባል፤ እነሱ ጭነው ይሄዳሉ። ማን ያውቅባቸዋል?”

“አይ ሕዝቅያስ!” አሉ ጋሽ ገብረየስ።

ስለ ርጭት ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። በዚያ ሰዓት የሚያሳስበኝ የሰው ዕቃ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አባቴና ሚኪያስ ተመለሱ። ወንድሜ ወባ ተገኝቶበት መራራ ክኒን ተሰጥቶት ነበር። መመለሳቸውን ሳይ ደስ አለኝ፤ ሽማግሌዎቹን ማስቆም ግን አልተቻለም። ሽማግሌ አንዴ ጋቢውን ካነሣ እንደ ጎርፍ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሻይ እንኳ ሳይፈላ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ነጭ ጋቢ፣ ሦስት ከዘራ፣ ሦስት ያቀረቀረ አንገት፤ የዓሣ ገበያውን አባ ኮዳዎች መስለው ደጃችን ላይ ቆመዋል። ሦስተኛው የባጃጅ ሹፌሩ ሔኖክ ነበር። ሽማግሌ ሁለት ሆኖ አይሄድም፤ ዘወትር ሦስተኛ የሚሆነው ሰው ሻሸመኔ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር፣ ጋሽ ገብረየስ ትርፍ ጋቢያቸውን አልብሰው ሔኖክን ይዘውት መጡ። ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም። “አንተ አቀርቅር እንጂ አትናገር” ብለውት መሆን አለበት፤ አንገቱ እስኪሰበር አቀርቅሯል።

እናቴ ምን ታድርግ? ሽማግሌ ቆሞ አይነጋገርም። “ግቡ፣ ተቀመጡ” አለች። ተቀመጡ። ሶፋው የድሮ ጠርሙሶቹን ያስታወሰ ይመስል ሲጥ አለ።

“የመጣንበትን ጉዳይ ሳታውቁት አትቀሩም” አሉ ጋሽ ገብረየስ።

እናትና አባቴ ተያዩ። በዕድሩ ስብሰባ፣ ለርጭት በር የሚዘጋ ሰው ካለ ሽማግሌ ይላክበታል ተብሎ ነበር። እናቴ ደግሞ ባለፈው ዓመት ርጭት ሲመጣ በሩን በቁልፍ ዘግታ፣ ጓሮ ሆና፣ ረጪዎቹ ተስፋ እስኪቆርጡ ድረስ ልብስ ስታጥብ ነበር።

“እናውቃለን፣ ጋሼ” አለ አባቴ።

“ዕቃ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?”

“እኔ አይወጣም ብያለሁ” አለች እናቴ ቶሎ ብላ። “ይውጣ የሚለው እሱ ነው።”

ሦስቱም ወደ አባቴ ዞሩ። ሔኖክ እንኳ ከአቀረቀረበት በአንድ ዓይኑ አየው።

“ሕዝቅያስ” አሉ አቶ አየለ፣ “ይሄን ከአንተ አልጠበቅንም።”

አባቴ ግራ ገባው። ባለፈው እሑድ ዕቃ አውጡ እያሉ መሬት ሲመቱ የነበሩት እነዚሁ ናቸው። “ለልጁ ስል ነው እኮ፣ አቶ አየለ።”

“ለልጁ የሚያስብ ሰው ዕቃ ያወጣል?”

“ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ መልሰን እናስገባለን።”

“ሁለት ሰዓት!” አሉ ጋሽ ገብረየስ። “ትዳር መናኸሪያ ነው እንዴ፣ ሲወጣ ሲገባ የሚዋልበት?”

አባቴ ሽማግሌ በምሳሌ እንደሚናገር ያውቃል፤ ይሄኛው ግን ከበደው።

“ደግሞ የእናንተ ዕቃ አወጣጥ ከሌላው ሰው እንደሚለይ ሰምተናል” አሉ አቶ አየለ፣ ረጋ ብለው፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው።

እናቴ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እጇ ሳታውቀው የሶፋውን ልብስ ወደ ታች ጎተተ። “ማን ነገራችሁ?”

“ልጅ አይዋሽም።”

እናቴ አየችኝ። እኔ ቤት ለማዳን የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ቀና ብዬ አየኋት።

“ስንት ዓመት ሸፋፍነሽ ያዝሽው፣ ልጄ?” አሉ ጋሽ ገብረየስ፣ ድምፃቸው ልስልስ ብሎ።

“ከተጋባን ጀምሮ” አለች እናቴ፤ እንባዋ ዱብ አለ። “ደከመኝ፣ ጋሼ። ሰው በመጣ ቁጥር እደነግጣለሁ።”

“ከተጋቡ ጀምሮ!” አሉ አቶ አየለ። ሔኖክ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

“በቃ!” ጋሽ ገብረየስ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። “እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አንዲት ማንኪያ አትወጣም!”

እናቴ እጃቸውን ልትስም ተነሣች። አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፌ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ። ትዳሩ ድኗል። ኢሱዙው ባዶውን ይመለስ።

በዚህ መሐል ከመጋረጃው ወዲያ ሚኪያስ አለቀሰ፤ የክኒኑ መራራነት ገና አልለቀቀውም።

“ሕፃኑ ምን ሆኖ ነው?” አሉ ጋሽ ገብረየስ።

“ወባ ነው” አለ አባቴ። “ትናንት ተመርምሮ ተገኘበት።”

“ወባ?” ጋሽ ገብረየስ ተቆጡ። አስተማሪነታቸው መጣባቸው። “ወባ ያለበት ልጅ ይዛችሁ፣ ዛሬ ርጭት እያለ፣ ዕቃችሁን እስካሁን አላወጣችሁም?”

በሐይቁ በኩል የአንድ ጀልባ ሞተር ይሰማል።

“አሁን አይወጣም አሉ አይደል እንዴ?” አለች እናቴ።

“የርጭቱ ይወጣል! የፍቺው ነው የማይወጣው!”

“የምን ፍቺ?” አሉ እናትና አባቴ፣ እኩል። ከስንት ቀን በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ከዚያ የሁሉም ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

“ሚኪ የአባዬ፣ እኔ የእማዬ ብላችኋል” አልኩ። “ሻንጣም አለ።”

አባቴ መጀመሪያ ሳቁን ለመዋጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አቶ አየለ ጣሪያውን አዩ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ወደ በሩ ጀርባ አየች፤ ከዚያ እኔን ሳብ አድርጋ ጭንቅላቴን ሆዷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አልቆጣችኝም። ይህ ያኔም ገርሞኝ ነበር።

“ቤቶች!” አለ ድምፅ ከደጅ። ዘነበች ናት፤ ከኋላዋ ሁለት ረጪዎች፣ አፍንጫና አፋቸውን የሸፈኑ፣ ጀርባቸው ላይ ታንከር ያዘሉ። “ኧረ የእናንተ ዕቃ ገና ውስጥ ነው! ምንድነው፣ ዘንድሮም ልብስ እያጠብሽ ነው፣ ትዕግሥት?”

እናቴ በሶፋውና በበሩ መሐል ቆመች። ዘነበችን አየች፤ ከዘነበች ኋላ በየበሩ ብቅ ብሎ የሚያየውን ሠፈር አየች፤ መጋረጃውን አየች፤ ሚኪያስ እንደገና አለቀሰ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን “እስቲ አንዴ ተነሡልኝ” ብላ፣ አጎበሩን በአንድ እጇ፣ ከፋዩን በሌላው ይዛ ጎተተችው።

የቢራ ሳጥኖቹ እንደ ተሰለፈ ወታደር ታዩ።

አቶ አየለ ሳጥኑን አዩ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አዩ፤ እንደገና ሳጥኑን አዩ። ሔኖክ ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። “ለካ እሱ ነው የቆረቆረኝ” አለ።

ሰው ሊስቅ ነበር። የጫልቱ ዓይነት ሳቅ። እናቴ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀችው። ጋሽ ገብረየስ ግን ከማንም በፊት ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው ቤታቸው ገቡ፤ ቴሌቪዥናቸውን ይዘው ተመለሱ። በአንድ እጃቸው! ያን የሚያህል ቴሌቪዥን፣ እንደ ዳቦ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው። በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ሶምሶን ተምሬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሶምሶን አልነበሩም። ቴሌቪዥኑ ሆዱ ባዶ ነበር። መንገዱ ላይ አዙረው ለሠፈሩ ጀርባውን አሳዩ፤ ውስጡ አንድ የራዲዮ ባትሪና የተጠቀለለ ካልሲ አለ። “ዜናው ከራዲዮ ነው” አሉ፣ ጮክ ብለው፣ የዕድር ማስታወቂያ እንደሚናገር ሰው። “ምስሉን እኔ ነኝ የምጨምርበት። የሚስቅ ካለ ከእኔ ይጀምር።”

ተጀመረ። ግን ሌላ ዓይነት ሳቅ ነበር። አቶ አየለ ሄደው አልጋቸውን ሲያወጡ ከአራቱ እግር ሦስቱ ጡብ ሆኖ ተገኘ። በጫልቱ ፍራሽ የተሳለቀችው ሴትዮ የራሷን ፍራሽ ይዛ ስትወጣ ጭዱ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተላት። ሁሉም ያለውን አወጣ፤ ሁሉም የጎደለውን አየ። በየግቢው ፀሐይ ላይ የተዘረጋው ጉድ ሲበዛ ማንም የማንን እንደሚጠቁም ግራ ገባው።

“እናንተ ሰዎች፣ ቶሎ በሉ እንጂ!” አለች ዘነበች። “ቢምቢዋ የማን ሶፋ ከምን እንደተሠራ አትጠይቅም።” ከዚያ ከመሬት አጎበሩን አነሣች፤ ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችው። “ይሄን ጽጌረዳ ማነው እዚህ ላይ ያበቀለው?”

“እኔ” አለች እናቴ በቀስታ።

“እጅሽ ይባረክ፤ ያምራል። ልጆቹ ተኝተው ያዩት እንጂ። ቂጥ ጽጌረዳ አያይ።”

እናቴ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጎንበስ ብላ ሳቀች። አባቴ አንድ ሳጥን አምጥቶ ከዛፉ ሥር አስቀመጠላት፤ ሌላ አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሚኪያስ በመሐላቸው ላቡ እየወረደ ተኛ። ረጪዎቹ ውስጥ ፊሽ ፊሽ ያደርጋሉ። እኔ አስፋልቱን እያየሁ ነበር፤ አንድ ኢሱዙ አሸዋ ጭኖ መጣ። ተነሥቼ ቆምኩ። ኢሱዙው አለፈ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ዕቃው ሁሉ ተመልሶ ገባ። ይህ በትዳር ታሪክ ያልተሰማ ነገር ነበር። ጋሽ ገብረየስ፣ “አላልኩም!” አሉኝ፤ ምን እንዳሉ ግን ሁለታችንም አላስታወስንም።

ያን ቀን አባቴ ሱቅ አልሄደም። አጎበሩን በሲባጎ ከጣሪያው አስሮ እኔና ሚኪያስ ከምንተኛበት አልጋ በላይ ሰቀለው፤ ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር ከተተው። ሲባጎው ደጋግሞ ስለተበጠሰበት ተናደደና በሳምንቱ አራት ቋሚ ያለው አልጋ ሠራ፤ አጎበሩ እንደ ድንኳን የሚቆምበት። ጎረቤት አየችው፤ ለእኔም አለች። ከዚያ ሌላዋ። ሙሽሮች ሶፋ ተዉ አልልም፤ ግን እስከ ዛሬ መናኸሪያ ሄዳችሁ “የሕዝቅያስ ባለ ቋሚ” ብትሉ ያሳዩአችኋል። ሶፋውም በመጨረሻ ተሠራ፤ ማንም ቀስ ብሎ አይቀመጥበትም። ሚኪያስ ክኒኑን ሲጨርስ መጀመሪያ የጠየቀው እሸት ነው። እናቴ ትንሽ አመነታችና ሰጠችው።

ወባው ከአገር ጠፋ አልልም። ዘንድሮም ዝናቡ ሲያበቃ የዘነበች ተተኪ በየቤቱ እየዞረች ነው። በአሁኑ ጊዜ ዕቃ ደጅ ሲወጣ ሳይ ግን ኢሱዙ አልጠብቅም። እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ ቆሜ የሰው አልጋ እግር አያለሁ።

ባለፈው ዓመት ነው ይህን ሁሉ ለእናቴ ያወራኋት። እንዴት አድርጌ እንደተሳሳትኩ፣ ጤና ጣቢያውን ፍቺ፣ ርጭቱን ኢሱዙ እንዳደረግኩት። ትራስ እየጠለፈች ነበር፤ እየሰማችኝ ፈገግ ትላለች።

“የሚኪን ሻንጣ እንኳ ሳይቀር!” አልኳት። “ካስተኙት ተብሎ የተሰናዳውን።”

መርፌዋን አቆመች።

“ሚኪን አባትሽ ይዞት ሄዶ የለም እንዴ?” አለች። “ታዲያ ሻንጣው ለምን ቤት የቀረ ይመስልሻል?”

አየኋት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና መርፌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣች፤ አዲሱን ክር ልትከት።

“ያን ሐሙስ የይርጋለም መኪና በጠዋት ነበር የሚነሣው። ሁለታችሁንም ይዤ እናቴ ዘንድ ልገባ ነበር፤ ዕቃው ሲወጣ እንዳላይ። ሻንጣዬን ላነሣ እጄን ስሰድ ሽማግሌዎቹ አንኳኩ።” ክሩ መርፌው ውስጥ ገባላት። “እንግዳ ደግሞ ቤት ተጥሎ አይወጣም።”